ሁለተኛው ወንበር

ነሐሴ ሁለት ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ባሕሩ በገዛ እጁ የሠራው አውሮፕላን ከአብራሪው ሌላ አንድ ሰው እንዲጭን ተፈቀደለት። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚፈቀድለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም ባሕሩ ራሱ።

የተሰጠው ፈቃድ አጭርና ግልጽ ነበር። ሠሪው አርባ ሰዓት ብቻውን ይበራል፤ አርባው ሰዓት እስኪሞላ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል። ሲሞላም መዝገቡ ይመረመርና ወንበሩ ይፈቀዳል።

የፈቃዱን ደብዳቤ ፎቶግራፍ ሲልክልኝ ስቶክሆልም ውስጥ ኪስታ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው መሥሪያ ቤቴ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ከፎቶግራፉ ሥር አንድም ቃል አልጻፈም። መጻፍም አላስፈለገውም። በጥር ወር፣ የጥምቀት ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ሃግሴትራ ባቡር ጣቢያ ላይ ሚስቱ እንድሆን ጠይቆኝ ነበር። እኔም «ሁለተኛው ወንበር የተፈቀደ ቀን እመልስልሃለሁ» ብዬው ነበር።

ያን ጊዜ አውሮፕላኑ ገና ከመሬት አልተነሳም ነበር። በእኔ ግምት ነገሩ ሁለት በጋ ይፈጃል። ባሕሩ ግን ከግንቦት እስከ ሐምሌ፣ ሶደርተልየ ወዳለው የጭነት መኪና ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት፣ ፀሐይ ገና ብቅ ስትል ተነስቶ አርባውን ሰዓት ጨረሰው።

እኔ ለቃል የምቸኩል ሰው አይደለሁም። ሥራዬ የመገናኛ መሣሪያዎችን ልኬት ማረጋገጥ ነው፤ አንድን ቁጥር ሦስት ጊዜ ሳላይ አልፈርምበትም። ጊዜ የጠየቅሁት ግን በዚህ ምክንያት ብቻ አልነበረም። ምክንያቴ አባቴ ነበሩ።

አባቴ አቶ ብርሃነ ሥላሴ በአየር መንገድ ጥገና ክፍል ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ገርጂ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ከላያቸው የሚያልፈውን አውሮፕላን ቀና ሳይሉ በድምፁ ብቻ ይለዩታል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያለኝ ወላጅ እሳቸው ናቸው። ስዊድን ውስጥ አውሮፕላን የሚሠራ አንድ አበሻ እንዳወቅሁ የነገርኳቸው ዕለት «የት ነው የሚሠራው?» አሉኝ።

«ጋራዥ ውስጥ።»

«ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው ቁም ሣጥን ነው። እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ የምትበር ልጅ የለችኝም።»

ከዚያ ወዲህ ስሙን በፊታቸው አንስቼ አላውቅም።

ባሕሩን ያገኘሁት ከሁለት ዓመት በፊት፣ አውሮፕላን ሠሪዎች በየዓመቱ በሚያደርጉት ትልቅ ስብሰባ ላይ ነው። ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ በሜላረን ሐይቅ ዳር ያለ አንድ የሣር ሜዳ ነሐሴ ሲመጣ ለሦስት ቀን ከተማ ይሆናል። ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ የሚሆኑ ትንንሽ አውሮፕላኖች ከየአቅጣጫው በርረው መጥተው በረድፍ ይቆማሉ። በየክንፉ ሥር ድንኳን ይተከላል፤ በየፕሮፔለሩ ላይ ፎጣ ይንጠለጠላል። የሞተሩን ክዳን ዘግቶ የሚቆም የለም፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ይመለከታል፣ ይጠይቃል፣ ሲያሻውም ይተቻል። ባለቤቱም አይከፋም። በልጅነቴ አባቴ ወደ ሥራ ቦታቸው ወስደውኝ የቀመስኩትን ደስታ ፍለጋ ነበር ብቻዬን የሄድኩት።

በአንድ ተጎታች ጋሪ ላይ ያልተገጠመ ክንፍ ተጋድሞ አየሁ። ቆርቆሮውን ከሚያያይዙት ሪቬት የሚባሉ ትንንሽ ምስማሮች አንደኛው ረድፍ ከሌሎቹ ይልቅ አዲስ ነበር። ምክንያቱን በስዊድንኛ ጠየቅሁ፤ አጠገቡ የቆመው ጠይም ሰውም በስዊድንኛ መለሰልኝ።

«አንድ እሑድ ክንፉን ከደንኩት። በማግስቱ፣ ሳይከደን በፊት ተቆጣጣሪ ማየት እንደነበረበት ትዝ አለኝ። ሪቬቶቹን አንድ በአንድ በመሰርሰሪያ አውጥቼ መልሼ ከፈትኩት።»

«ስንት ነበሩ?»

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።»

«ውስጡ ስህተት ተገኘበት?»

«አልነበረበትም።»

«ታዲያ መክፈቱ ምን ጠቀመ?»

«አልነበረበትም ማለት የቻልኩት ስለከፈትኩት ነው» አለኝ።

ይህን መልስ ይዤ ልሄድ ስል ስልኩ ጠራ።

«አቤት፣ እማዬ» አለ በአማርኛ። «አዎ፣ በልቻለሁ። አዎ፣ ጃኬቴን ለብሻለሁ።»

ቀኑ የሚያቃጥል ነበር፤ የለበሰውም እጅጌ ጉርድ ካናቴራ። ሳልወድ ሳቅሁ። ስልኩን ዘግቶ ዞረና ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

«ሰማሽ እንዴ?»

«ጃኬቱ የት አለ?» አልኩት።

ከዚያ የቀረውን ቀን ክንፉ ያረፈበት ጋሪ ጥላ ሥር አሳለፍነው።

ዘንድሮ ስብሰባው የሚከፈተው ነሐሴ አሥር፣ ቅዳሜ ነበር። ባሕሩ ከሶደርተልየ በስተ ደቡብ ካለው ትንሽ ሜዳ ብቻውን በርሮ ሊመጣ፣ እኔ በባቡርና በአውቶቡስ ሄጄ ልጠብቀው፣ ከዚያም እዚያው በሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ልንነሳ ተስማማን። መልሴንም አየር ላይ ልሰጠው ቆረጥኩ።

መልሱን ለማዘጋጀት ስምንት ቀን ፈጀብኝ። ብዙ ጽፌ ብዙ ሰረዝኩ። በመጨረሻ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቀረ። «እሺ። ለአባቴ እስክነግራቸው ድረስ ግን በመካከላችን ይቆይ።» ሁለተኛውን አልወደድኩትም። ልሰርዘውም አልደፈርኩም።

ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የባሕሩ ነጭ አውሮፕላን ከሐይቁ በኩል ብቅ አለ። አንድ ዙር ዞረ፤ ወረደ፤ ሣሩን ነካ። በጉጉት ወደ ማቆሚያው ሄድኩ። ባሕሩ ሞተሩን አጥፍቶ የመስታወቱን ክዳን ከፈተና ወረደ። ፈገግ አላለም። ጉንጬን ስሞ፣ እጁን በአውሮፕላኑ ጀርባ ላይ ጭኖ ጥቂት ቆመ።

«ናዝሬት፣ ዛሬ አንነሳም» አለ።

ይህን ብቻ ተናግሮ በአውሮፕላኑ ዙሪያ መዞር ጀመረ። እኔ ካለሁበት አልተንቀሳቀስኩም። ስምንት ቀን ሙሉ በየምሽቱ ሲደውልልኝ ስለ ወንበሩ አንዳችም አላነሳሁለትም ነበር። ዝምታዬን በሌላ ተርጉሞት ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

«ሐሳብህን ለወጥክ?» አልኩት።

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ሁሉም።»

ቀና ብሎ አየኝ።

«አርባ ሰዓት ብቻዬን የተቀመጥኩት አንቺን እዚያ ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ሲነሳ አፍንጫው ቀለለብኝ። ሳርፍም እንደዚያው። ለምን እንደሆነ አላወቅሁም። ሳላውቅ አላስቀምጥሽም።»

«በጣም ቀለለ?»

«ትንሽ ነው። ግን የማላውቀው ትንሽ ነው።»

ፍርሃቴ ለቀቀኝ፤ በምትኩ እልህ ያዘኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ አብረን ፈተሽን። ነዳጁን ለካን፤ የጭራውን መቆጣጠሪያ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቀስን። ጎረቤቶቻችን የሆኑ ሁለት ስዊድናውያን ሠሪዎች መጥተው ተንበርክከው አዩ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

በዚህ መካከል ስልኬ ጠራ። አባቴ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ በቪዲዮ ይደውሉልኛል።

«አንቺ፣ የት ነሽ? ይህ የሚንጫጫው ምንድን ነው?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ «ሥራ ላይ ነኝ» እል ነበር። ባሕሩን አየሁት፤ በጉልበቱ ተንበርክኮ የፊት ጎማውን ይነካካል።

«አባባ፣ አውሮፕላኖች መካከል ነኝ። እርዳታዎን የሚፈልግ ሰው አለ።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ቁም ሣጥን የሠራው።»

አባቴ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠጉ።

«ስጪው» አሉ።

ባሕሩ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ የሸሚዙን ኮሌታ አቃንቶ፣ ለስልኩ እጅ ነሳ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ።»

«ጤና ይስጥልኝ። ምን ሆነብህ?»

ነገራቸው። አባቴ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ነዳጁ?»

«በልኩ ነው።»

«የጭራው መቆጣጠሪያ?»

«ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ምንም አልያዘውም።»

«አንተ ስንት ትመዝናለህ?»

«ሰባ አራት፣ ጋሼ።»

«ፍልሰታን ትጾማለህ?»

«እጾማለሁ።»

«እንግዲያስ ሰባ ሁለት በለው። አፍንጫው ከቀለለ ጭራው ከብዷል ማለት ነው። ጭራው ውስጥ ምን አለ?»

«ምንም የለም።»

«አይተሃል?»

«ጎህ ሲቀድ አይቻለሁ።»

«ጎህ ሲቀድ ያየኸውን አልጠየቅሁህም።»

የባሕሩ ጆሮ ቀላ። ወንበሮቹን ወደ ፊት አጠፈ፤ የዕቃ ማስቀመጫውን መረብ ፈታ፤ የመሣሪያ ቦርሳውን አወጣ። ከዚያ በሆዱ ተኝቶ ክንዱን እስከ ትከሻው ድረስ ወደ ጭራው ሰደደ። እግሮቹ ብቻ በውጭ ቀሩ።

«ጋሼ» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። «አንድ ነገር አለ።»

«ምንድን ነው?»

«ለስላሳ ነው።»

በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በአራት በኩል የታሰረ ትልቅ ክብ ነገር ጎትቶ አወጣ። ተመልሶ ገባና የቆሎ ከረጢት አወጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ገብቶ ተልባ የተሞሉ ሁለት ትልልቅ ጠርሙሶች ይዞ ወጣ። ጨርቁን ስፈታው የጥቁር አዝሙድ ሽታ ከቤንዚኑ ሽታ ጋር ተቀላቀለ።

«አሳዩኝ እንጂ! ምንድን ነው?» አሉ አባቴ።

ስልኩን አስጠጋሁ። «ድፎ ዳቦ ነው፣ አባባ።»

አባቴ ሲስቁ ድምፅ አያወጡም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ያን ቀን ግን እንደ ልጅ ሳቁ። ስልኩ ከእጃቸው ወደቀና ለጥቂት ጊዜ የምናየው የቤታችንን ኮርኒስ ብቻ ሆነ።

ወዲያው ወይዘሮ ሸዋሉል ደረሱ። የባሕሩ እናት ናቸው፤ ከሱዳን ስደት የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን ይዘው ስዊድን ገብተው፣ በሆስፒታል ወጥ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሃግሴትራ የሚኖሩ። በጎረቤታቸው መኪና ነበር የመጡት። በአንድ እጃቸው ታጣፊ ወንበር፣ በሌላው ጃንጥላ ይዘዋል።

«ምነው፣ እኔ ሳልመጣ ፈታችሁት?» አሉ።

«እማዬ፣ ይህን ማነው እዚያ የከተተው?»

«ማን ይከተዋል? መልአክ? ጠዋት ጠበል ልረጭ መጥቼ አልነበር? አንተ ነዳጅ ስትቀዳ አስገባሁልህ። ሦስት ቀን እዚህ ስትቆይ ቋሊማ ልትበላ ኖሯል በፍልሰታ?»

«ብትነግሪኝስ ምን ነበረበት?»

«ልንገርህ? ባለፈው ሹራብ ባመጣልህ በሚዛን ለክተህ አይደለም የመለስክብኝ? እንዳታይብኝ ብዬ ነው በጃንጥላዬ ወደ ጥግ የገፋሁት። ደግሞ ዳቦ እንደ ብረት ይከብዳል እንዴ?»

«ከብረት መቅለሱስ ይቀላል፣ እመቤቴ» የሚል ድምፅ ከእጄ ላይ መጣ። «ቦታው ነው ጥፋቱ።»

ወይዘሮ ሸዋሉል ደንግጠው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?»

«አባቴ ናቸው» አልኩ።

ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንደምን ዋሉ፣ አባቴ። ይቅርታዎን። እኔ እኮ ሰው መሀል ባዶ እጁን እንዳይገባ ብዬ ነው።»

«እንደምን ዋሉ። ዳቦው በጣም ያማረ ነው።»

ባሕሩ የእናቱን ትከሻ አቅፎ ግንባራቸውን ሳማቸው። ከዚያ ከኪሱ ሰማያዊውን የበረራ መዝገብ አውጥቶ ክንፉ ላይ አስደግፎ መጻፍ ጀመረ። አባቴ በስልኩ ያዩታል።

«ምን እየጻፍክ ነው?»

«የዛሬውን ስህተት፣ ጋሼ። ሰው ከነካው በኋላ እንደገና ሳላይ ተነሳሁ።»

«እናትህ ናቸው የከተቱት።»

«የከተተችው እሷ ናት። ሳያይ የበረረው እኔ ነኝ።»

«ጻፍ ያለህ አለ?»

«የለም።»

አባቴ መነጽራቸውን አወለቁ፤ በልብሳቸው ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት። «በል» አሉ በመጨረሻ፣ «ክዳኑን ክፈትና ሞተሩን አሳየኝ።»

ግማሽ ሰዓት ያህል ስልኩን ይዤ ከብሎን ወደ ብሎን ዞርኩ። አባቴ «ወደ ግራ»፣ «ዝቅ አድርጊ»፣ «እጅሽ አይንቀጥቀጥ» ይላሉ። ባሕሩ ለተጠየቀው ብቻ ይመልሳል። አንዱን የዘይት ቱቦ «ወደ ጭስ ማውጫው ትንሽ ጠጋ ብሏል፤ አርቀው» አሉት፤ እርሱም እዚያው አራቀው። ፍተሻው ሲያበቃ የሁለታችንንም ፊት አላዩም። ወደ በረንዳቸው ውጭ እየተመለከቱ ነበር።

«ቁም ሣጥን አይደለም» አሉ።

ከማቆሚያው ጫፍ አውሮፕላን የሚመዘንበት ሚዛን ነበር። ኃላፊው ሸበቶ ስዊድናዊ ታሪኩን ሰምቶ ዳቦውን፣ ቆሎውንና ተልባውን ራሱ ካልመዘንኩ አለ። አሥራ ሦስት ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም። ባሕሩ ቁጥሩን በመዝገቡ አስገባ። ከዚያ ወይዘሮ ሸዋሉል ቢላዋ ተቀበሉ፤ ባርከው ቆረሱ። ስዊድናውያን ፊካ የሚሉት የቡና ሰዓት ደርሶ ስለነበር ፔርሙሱን ይዞ የመጣው ሁሉ በአውሮፕላናችን ክንፍ ሥር ተሰበሰበ። አንድ ጀርመናዊ አብራሪ ተልባውን ቀምሶ በምን እንደሚሠራ ጠየቀ። ወይዘሮ ሸዋሉል በስዊድንኛ፣ በአማርኛና በእጃቸው አስረዱት፤ እርሱም የገባው መሰለ።

በስምንት ሰዓት ባሕሩ ጭራውን በባትሪ አየ። እኔም አየሁ። ከዚያ እንደገና እርሱ አየ። እናቱ ከአምስት እርምጃ በላይ እንዳይጠጉ በትሕትና ተለመኑ።

«እስር ቤት ነው እንዴ?» አሉ። ነገር ግን ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ስልኬንም፣ አባቴ እንዲያዩ፣ ለእሳቸው ትቼላቸው ሄድኩ።

ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቀበቶዬን አሰረልኝ፤ ጣቶቹ ትከሻዬ ላይ ከሚያስፈልገው ጥቂት ዘለግ ላለ ጊዜ ቆዩ። የጆሮ ማዳመጫውን አደረግሁ። ሣሩ ከሥራችን መሮጥ ጀመረ፤ ጎማዎቹ ተንገጫገጩ፤ ከዚያ መንገጫገጩ በድንገት ቆመ።

ሜላረን ከነደሴቶቹ ተዘረጋ። ጀልባዎቹ ቆመው የቀሩ መሰሉኝ። በላያችን ያለው መስታወት ሁሉ ሰማይ ነበር። ባሕሩን በጎን አየሁት። ከንፈሩ ይስቃል፤ ዓይኑ ከጠቋሚዎቹ አልተነሳም።

«አፍንጫው?» አልኩት።

«ልክ ነው» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጨመረ፦ «ናዝሬት፣ ዛሬ ልትመልሺልኝ ቃል ገብተሻል። እኔ ግን ዛሬ ጭራዬን ሳላይ የበረርኩ ሰው ነኝ። ይህን አስበሽበት ልትቆዪ ብትፈልጊ፣ አልቀየምም። ቃልሽን መልሼልሻለሁ።»

ስምንት ቀን የለፋሁበትን መልስ በልቤ ደገምኩት። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን አቆምኳቸው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሪቬት ነቅሎ ያወጣ ሰው አጠገቤ ተቀምጧል፤ እኔ ግን ገና ከመጀመሬ ነገሩን ከአባቴ ልደብቅ ክዳን ልገጥምበት ነበር።

«እናርፍና» አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም።

ራሱን ነቀነቀ። ደግሞ አልጠየቀኝም። በሰፊው ዞረን ወረድን፤ ጎማዎቹ ሣሩን ሲነኩ አልተሰማኝም።

ስንመለስ ወይዘሮ ሸዋሉል ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ነበር። ስልኬን የቆሎው ከረጢት ላይ አስደግፈውት ከአባቴ ጋር ስለ ጉልበት ሕመም ይመካከራሉ።

«እኔስ የሚቀባ ነው የሚሻለኝ» ይላሉ አባቴ።

«አይ፣ የሚቀባውማ ለወጣት ነው።»

ባሕሩ ሞተሩን አጥፍቶ ከኋላዬ ወረደ። እጄን አልያዘም፤ አንድ እርምጃ ርቆ ቆመ። ወይዘሮ ሸዋሉል ቀና ብለው አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ልጃቸውን አዩ። የጉልበቱን ወሬ አቋረጡ።

ጎንበስ ብዬ ስልኩን አነሳሁ። አባቴ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፈገግ ብለዋል።

«እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«አባባ» አልኳቸው፣ «ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባለው ቅዳሜ የባሕሩ ሽማግሌዎች እኛ ቤት ይመጣሉ። እኔ ተስማምቻለሁ።»